የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ አንድ ሥር፣ አንድ ቁጥር

ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ዕቃ አልነበረውም። አንድ የእንጨት ፍሬም ነበረው፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር። ሐሳቡን ያገኘነው ከባሕር ነው።

ጎጃም ተቀምጦ ስለ ባሕር ማጥናት ምን ያደርጋል ያሉን ነበሩ። ነገሩ የተጀመረው በመስከረም፣ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ "ኮራል ድንጋይ ነው ተክል?" ብላ ስትጠይቅ ነው። ሁለቱንም አይደለም፤ እንስሳ ነው። ገላው ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች በፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ያካፍሉታል። ባሕሩ ከለመደው ከፍተኛ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል አልፎ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል። ያኔ ነጭ አፅሙ ፍንትው ብሎ ይታያል። ገና አልሞተም። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ ግን በረሃብ ያልቃል።

ልጆቹን ቀልባቸውን የያዘው የስኮት ሪፍ ታሪክ ነው። ሪፍ ማለት የኮራል አፅም ተደራርቦ የሠራው የባሕር ውስጥ ክምር ነው፤ ይኼኛው ከሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ ርቆ ብቻውን ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሙቀት መታውና ሕያው ኮራል የሸፈነው ቦታ ወደ 9 በመቶ ወረደ። ዘር የሚልክለት ጎረቤት ሪፍ በቅርብ የለም። ተመራማሪዎቹ ግን እየተመላለሱ ጠልቀው ቆጠሩ። በ12 ዓመት ውስጥ 44 በመቶ ደረሰ። መጀመሪያ ያንሰራራው ከሞት በተረፉት ኮራሎች ነው፤ እነሱ አደጉ፣ ከዚያ ወለዱ። ከሰው ጫና መራቁም በጀው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሙቀት እንደገና መታው። ይህንንም አልደበቅኋቸውም።

ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ከንክኪ ነፃ የተደረገ ቁልቁለት አለ። እኛም እንደ ጠላቂዎቹ ልንቆጥር፣ በኅዳር መሬት ላይ የምናስቀምጠውን ፍሬማችንን ይዘን ወጣን። የመጀመሪያ ቀን ልንጣላ ነበር። አንዱን ቦታ ሁለት ቡድን ቆጥሮ አንዱ አራት ወይራ አለ፣ ሌላው አሥራ አንድ። ለካ ሁለተኛው ከአንድ ጉቶ የወጣውን ቀንበጥ ሁሉ ለየብቻ ቆጥሮታል። "አንድ ሥር፣ አንድ ቁጥር" ብለን ተስማማን። ለምልክት የተከልናቸው ችካሎች በጥር ጠፉ፤ አሁን ድንጋይ ከምረናል። ቦታው ከተሳተ ቆጠራው ዋጋ የለውም።

ቁልቁለቱን የሚጠብቁት አባት ቆመው ያዩን ነበር። አንድ ቀን አንዱን የወይራ ጉቶ በዱላቸው ነካ አድርገው፣ "ይኼ እኮ ሞቶ አያውቅም፤ ከብቱ አላስነሳው ብሎ ነው" አሉን። ያቺ ስለ ኮራል የጠየቀችው ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። "ቲቸር፣ ስኮት ሪፍ!" አለች። የዓመቱ ድካሜ ሁሉ ያን ቀን ተካሰ። እርግጥ ባሕርን ከሙቀት የሚከልል አጥር የለም፤ በዚህ ላይ ረጅም ክርክር አድርገናል።

ችግኝም ተክለናል፤ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓትም ሁለት ጊዜ ለተማሪው አቅርበናል።

በሰኔ ፍሬሙን ለ9ኛ ክፍሎች አስረከብን። ደብተሩ ላይብረሪ ነው፤ የድንጋይ ክምሮቹ ቦታ በመጨረሻው ገጽ ላይ ተስሏል። ልጆች፣ በኅዳር የምትቆጥሩት እነዚያኑ ቦታዎች ነው።