ከመሄጃሽ በፊት መመለሻሽን

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የጦሳ ተራራ ብርድ ብቻ ነው ያስቸገረን።

ባለፈው በስልክ «እማ፣ በእረፍት ቀኔ ብቻዬን ከአዲስ አበባ ወጣ ብዬ ልመለስ» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። አባትሽ አጠገቤ ነበር፤ እሱ ፊት «ሂጂ» ብል ሌሊቱን አይተኛም። አሁን ልበልሽ፦ ሂጂ። መኪና የለኝም ብለሽ አትቅሪ። እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩትን አገር በዓይኔ ያየሁት በአውቶቡስና በሚኒባስ ነው።

አንድ ነገር ግን ስሚኝ፤ ከመሄጃው በፊት መመለሻውን አስቢ። አንቺ ሳትወለጂ ብቻዬን ሐይቅ ከተማ ሄጄ ነበር፤ ከዚህ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባ ውሃው ዳር ተቀምጬ አንድ ልጅ ዓሣ ሲያጸዳ አያለሁ። ቅርፊቱ ድንጋዩ ላይ እየተፈናጠረ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ዶቃ ያበራል። በዚያ ፈዝዤ አስፋልቱ ላይ ስወጣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ከወልድያ በኩል የሚመጣው ሁሉ ሞልቶ ያልፈኛል። በመጨረሻ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አሳፈረኝ። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነበር፣ እግዜር ይስጠው፤ እኔ ግን ደሴ እስክገባ የበሩን እጀታ አልለቀቅኩም። ያ ፍርሃት አንቺን እንዲያገኝሽ አልፈልግም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቢሾፍቱን ሞክሪ። ከቃሊቲ መናኸሪያ መኪና አይጠፋም፣ መንገዱም ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። የእሬቻ ሰሞን ግን ሆራ ሐይቅ ላይ ሕዝብ ስለሚጎርፍበት ለበዓሉ ካልሆነ ሌላ ቀን ምረጪ።

ሁለተኛው ጢያ ይሁን። በቡታጅራ መንገድ ነው፤ ከተማው ላይ ወርደሽ ወደ ትክል ድንጋዮቹ በእግርሽ ትደርሻለሽ። 36 ናቸው፤ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም. ነው የመዘገባቸው። ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ስሥላቸው ኖሬ ፊታቸው ስቆም እጄን መሰብሰብ አቃተኝ፤ አንቺ ግን አትንኪያቸው። በዚያው መንገድ በኩል የጥንት ሰው መሣሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጡሬም ከአለት የተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን አዳዲ ማርያምም አሉ። በአንድ ቀን ሦስቱንም ልጨርስ አትበይ፤ በወረድሽ ቁጥር ሌላ መኪና ልትጠብቂ ነው፣ ከቡታጅራ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞልቶ ነው የሚያልፍሽ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አስፋልቱ ላይ ቁሚ።

ደብረ ሊባኖስን ስታስቢ ደስ ይለኛል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የኛው ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ተምረው ነው በኋላ ያንን ገዳም የመሠረቱት። እኔ ዳር ተቀምጬ የቀረሁበት ገዳም ልጅ ነው ማለት ነው፤ እዚያ ደግሞ ሴትም ገብታ ትሳለማለች። የፍቼን መኪና ይዘሽ መገንጠያው ላይ ትወርጃለሽ፣ ከዚያ ወደ ገዳሙ ቁልቁል ነው። ወር በገባ በ24 ምእመናን ስለሚበዙ ወንበር ማግኘት ይከብዳል። ከመነሳትሽ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ጠይቂ፤ አንድ ሰው እንኳ «ዛሬ ይቅርብሽ» ካለሽ ቅሪ። ገዳሙ የትም አይሄድም።

ሚኒባስ ሳይሞላ እንደማይነሳ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ማልደሽ ውጪ። ዝርዝር ብር ያዢ። ባጃጅ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ዋጋ ተነጋገሪ። የምትወርጂበት ቦታ ደርሰሽ ገና ሳትዞሪ፣ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ሁለት ሰው ጠይቂ፤ አንዱን ረዳቱን፣ ሌላውን ሻይ የምታፈላዋን ሴት። እሷ የምትነግርሽን እመኚ፣ ሲመሽ መንገድ ላይ የቀረውን ሰው የምታየው እሷ ናት።

በሶና የአባትሽን ጃኬት ልኬልሻለሁ፤ ደብረ ሊባኖስ ገደሉ አፋፍ ላይ ይነፍሳል። አባትሽ ከማን ጋር ሄድሽ ብሎ ቢጠይቅሽ እውነቱን ንገሪው። የቀረውን ለእኔ ተዪው።

እናትሽ