ከፎሶሊያው ዘይት ተቀንሶ ለውዝ ይጨመርበት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰላምታዬን በአክብሮት እያስቀደምኩ፣ በጾም ገበታችን ላይ ስለሚቀርብ አንድ ማባያ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ፤ እርሱም ፎሶሊያ ነው። ጉዳዩ ለጋዜጣ ያነሰ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ረቡዕንና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናትና የፍልሰታን 15 ቀናት የሚጾም ቤተሰብ በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ወደዚህ ማባያ እጁን እንደሚዘረጋ ያስብልኝ።

በቅርቡ እዚሁ ደብረ ማርቆስ በአንድ ምግብ ቤት የጾም በያይነት አዝዤ ነበር። የቀረበልኝ ፎሶሊያ ከካሮቱ ጋር እስኪልም ተቀቅሎ አረንጓዴነቱ ጠፍቷል፤ ዘይቱም ከመብዛቱ የተነሣ ከሥሩ ያለው እንጀራ ርሶ ሊነሣ አልቻለም። ይህን የምጽፈው ወጥ ቤቷን ለመውቀስ አይደለም፤ በየቤታችን የምንሠራው ከዚህ ብዙም አይለይምና። ነገር ግን የዘይት ዋጋ በዚህ ደረጃ ላይ በደረሰበት ጊዜ ይህን ያህል ዘይት አፍስሶ የአትክልቱን ጣዕም ማጥፋት እጅግ ያሳዝነኛል።

እኔ የምለው፣ ፎሶሊያ ለአጭር ጊዜ ተቀቅሎ፣ ዘይቱ ተቀንሶ፣ በምትኩ የተቆላ ለውዝ ይጨመርበት ነው። ከለውዝ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት፣ ሩብ ያህሉ ደግሞ ፕሮቲን ስለሆነ፣ አንድ እፍኝ ለውዝ ቅባትንም፣ ዘይት ብቻውን ሊሰጥ የማይችለውን የሰውነት መገንቢያም አብሮ ያመጣል፤ ሥጋና ወተት ለማይቀመስበት ወቅት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለግማሽ ኪሎ ፎሶሊያ አንድ እፍኝ ለውዝ ይበቃል። ፎሶሊያው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ለጋ መሆን አለበት፤ ፍሬው ከውስጥ አብጦ ከታየ አርጅቷል። ጫፍና ጫፉን ቀንጥሶ፣ ክር ካለው ክሩን ስቦ ማውጣት ነው። ውኃው በሰፊ ድስት በደንብ ከፈላና ጨው ከገባበት በኋላ ፎሶሊያው ተጨምሮ፣ ሳይከደን 10 ደቂቃ ያህል ይቀቀላል። ክዳኑን ማንሣት የሚያስፈልገው፣ ከአትክልቱ የሚወጣው አሲድ በእንፋሎት ካልሄደ አረንጓዴውን ቀለም ስለሚያጠፋው ነው። ሎሚም ሆነ ቲማቲም አስቀድሞ ከገባ ቀለሙን ከማደብዘዙም በላይ ፎሶሊያው ቶሎ እንዳይበስል ያደርገዋል። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከቆላ የተላከ የአሠራር ማስታወሻ አምስት ደቂቃ ቢል እዚህ አይሠራም። በደንብ ያልበሰለ ፎሶሊያ ሆድን ሊያውክ የሚችል ነገር አለውና የመቀቀያውን ጊዜ ማሳጠር በልክ መሆን አለበት። ከበሰለ በኋላ አጥልሎ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ፣ በራሱ ሙቀት ማብሰሉን እንዳይቀጥል ያቆመዋል።

ለውዙ የሚቆላው በብረት ምጣድ፣ ረጋ ባለ እሳት፣ እጅ ሳያርፍ ነው። ሽታው ወጥቶ ቡናማ ሲል ይወርዳል፤ ከምጣዱ ላይ ከቆየ ይመራል። ሲበርድ በመዳፍ አሽቶ፣ ልጣጩን በሰፌድ አንፍሶ፣ ግማሹን በሙቀጫ ከካ ማድረግ፣ ግማሹን እንዳለ መተው ይሻላል፤ የተከካው ፎሶሊያውን ይለብሰዋል፣ ሙሉው ደግሞ ከጥርስ ሥር ይገኛል። ከዚያ በሁለት ሾርባ ማንኪያ ዘይት ቀይ ሽንኩርት አቁላልቶ፣ ነጭ ሽንኩርትና የተሰነጠቀ ቃሪያ ጨምሮ፣ ፎሶሊያውን ሦስት ደቂቃ ያህል ማገላበጥ ብቻ ነው። ለውዙ የሚገባው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይላላል። ሎሚ የሚወድ ሰው ከገበታ ላይ ይጭመቅበት።

ታላቅ እኅቴ ይህን ስሠራ አይታ፣ «ለውዝ የልጆች መክሰስ ነው፣ ከወጥ ጋር ምን አገናኘው?» ብላኛለች። ክብሯ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በዚህ አልስማማም። ጎጃም የኑግ አገር ነው። ኑግ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው ፍትፍት የሚያበሉ እናቶች ያሳደጉን ሰዎች ነን፤ ሱፍና ተልባም እንዲሁ ይዘጋጃሉ። የቅባት እህልን ቆልቶ ከጾም ምግብ ጋር ማዋሐድ ከአያቶቻችን የወረስነው ጥበብ ሆኖ ሳለ፣ ለውዝ ላይ ሲደርስ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። ለውዝ የመጣው ከሩቅ ነው ከተባለ፣ ፎሶሊያም ለውዝም ቃሪያም ከአሜሪካ ምድር የተገኙ ተክሎች ናቸው፤ ቃሪያውን ያለ ጥያቄ ተቀብለናል። በዘርም ቢሆን ለውዝ የባቄላና የአተር ወገን ስለሆነ ለፎሶሊያ ዘመድ እንጂ ባዕድ አይደለም። ለውዙም ቢሆን ቀድሞ የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል በነበረው በመተከል ቆላ ይበቅላል።

ፎሶሊያ የከተማ ሰው ምግብ ነው ለሚሉም መልስ አለኝ። ደርቆ ቦሎቄ የምንለውና ለጋው ፎሶሊያ አንድ ዓይነት ተክል ናቸው፤ በየጓሯችን አጥር ላይ የሚሳበው፣ ለንፍሮ ብቻ የምናስበው አደንጓሬም የዚያው ወገን ነው። በክረምት የተዘራው እሸት ሲይዝ ለጋው ቢቀነጠስ፣ ገበያ ሳይወጡ ማባያ ማግኘት ይቻላል፤ ክሩ ጠንካራ ስለሚሆን ግን በጥንቃቄ መወገድ አለበት።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ለውዝ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ በሻገተው ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን፣ ብንቆላውም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ የጠቆረውን፣ የተጨማደደውንና የመረረውን ፍሬ አንድ በአንድ ለቅሞ መጣል ያስፈልጋል፤ በክረምት ደግሞ ብዙ ገዝቶ በማዳበሪያ ከማስቀመጥ ጥቂት ጥቂት እየገዙ መጠቀም ይበጃል። ለውዝ የማይስማማው ሰው በጥቂቱም ቢሆን በጽኑ ሊታመም ስለሚችል፣ ለማኅበር ወይም ለተዝካር ሲቀርብ ለውዝ እንዳለበት ለእንግዳ አስቀድሞ መንገር የአስተናጋጁ ግዴታ ነው።

የተከበሩ አዘጋጅ፣ ጋዜጣዎ የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ቀን ከመግባቱ በፊት ለጾም አትክልት አሠራር አንድ ዓምድ ቢመድብ፣ በተለይም የምግብ ቤት ወጥ ሠሪዎች የየራሳቸውን ልምድ እንዲጽፉበት ቢጋብዝ፣ በትሕትና እጠይቃለሁ። በቆላ የሚኖሩ አንባቢዎች ፎሶሊያቸው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቢጽፉልን ደግሞ በጉጉት አነብባለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ