ለሐይቅ እስጢፋኖስ አባቶችና በሐዘናችን ላልተለያችሁን ሁሉ

እናታችን ካረፈች ወዲህ የሆነውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ከዋሽንግተን ተነስቼ ለቀብሯ አለመድረሴንም ታውቃላችሁ።

ከሁሉ በፊት ምስጋናዬ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለተቀበሉኝ አባት ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለከለከሉኝ አባ ብቻ እላለሁ። አባ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቼ በር ላይ ስቆም ማን ነህ አላሉኝም። እግሬን አጠቡኝ፣ ንፍሮ አቀረቡልኝ፣ ከዚያ ነው የእናቴን የክርስትና ስም የጠየቁኝ። ልጇ ሆኜ አላውቀውም ነበር። በአቅራቢያው ባለው የሴቶች ገዳም በእንግድነት ለተቀመጠችው እህቴ ልደውል ስል ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። «አንተ ደክመሃል፣ አረፍ በል» ብለው፣ በዚያ ዕድሜዎ መቋሚያዎን ይዘው እርስዎ ሄዱ። ሲመለሱ ጨልሟል። ስሙን በቃልዎ ይዘውት መጥተው ሁለት ጊዜ ነገሩኝ።

ሌሊት ለሰዓታት ጸሎት ቀሰቀሱኝ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የደረሱትን ሰዓታት፣ እሳቸው በተማሩበት ገዳም! ገድላቸው እንደሚለው እዚያው ትምህርት አልገባ ብሏቸው ወፍጮ ሲፈጩ ኖረዋል። ግዕዙ ስላልገባኝ አፍሬ ነበርና እርስዎ ይህን ሹክ ያሉኝ ለዚያ ይመስለኛል። ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ። አንዱ አባት ከጧፉ ሥር ይጀምራል፣ ሌላው ከጨለማው ወዲያ ይቀበላል። እናቴ ገና ሳይነጋ እሳት እያያያዘች የምታንጎራጉረው ዜማ ነበር፤ አወቅሁት። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ሲባል መቁጠሪያዎን እጄ ላይ አድርገው ጣቴን ከፍሬ ወደ ፍሬ አሻገሩልኝ። ቀጥሎ ስሟን ጠሩት። ሁለት ወር ሙሉ እምቢ ያለኝ እንባ ያኔ መጣ። አባ፣ እስኪወጣልኝ ድረስ ትከሻዬን ይዘው ቆሙ፤ አንድም ቃል አልተናገሩኝም።

የሴቶቹ ገዳም እናቶች፣ እህቴን እንደ ልጃችሁ ስላሳደራችኋት እግዚአብሔር ይስጥልን። ድንኳን የጣላችሁ የእድራችን አባላት፣ ጎረቤቶቻችን፣ በዋሽንግተን ለቅሶ የደረሳችሁኝ ሁሉ፣ ብድራችሁን ይክፈላችሁ። ከደሴ የወሰደን ሾፌር፣ ሐዘን ላይ መሆናችንን ሰምተህ ሒሳብ አልቀበልም ያልከን፣ ስምህን እንኳ ሳልጠይቅህ ወረድኩ። ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ፤ ልቤ ገና ስላልተሰበሰበ ነውና ይቅር በሉኝ።

አባ፣ የክርስትና ስሟን አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ። ለሙት ዓመቷ ስመጣ እኔው እነግርዎታለሁ።