የነፋስ መከላከያ አጥር ከመትከላችን በፊት የመሬቱን ተዳፋት ለምን እንደምንለካ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የአሸዋ መከላከያ አጥር ስታዝዙን ከርዝመቱና ከቁመቱ በተጨማሪ የመሬቱን ተዳፋት እንደምንለካ ስንገልጽ፣ «ነፋሱ ያው ነፋስ ነው፤ የመሬቱ አቀማመጥ ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ስለሚቀርብልን ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነፋስ የሚወስደው አሸዋ አብዛኛው የሚጓዘው እየዘለለ ነው። ከ0.1 እስከ 0.5 ሚሊሜትር የሚሆነው ቅንጣት ነፋሱ ሲያነሣው ጥቂት ተወርውሮ ይወድቃል፤ ሲያርፍም ሌሎችን ገጭቶ ያስነሣል። አቀበት ላይ የመሬት ስበት ቅንጣቱን ወደ ኋላ ስለሚስበው፣ በ10 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ያለ ደረቅ አሸዋ ለመነሣት በሜዳ ላይ ከሚያስፈልገው በ12 በመቶ ገደማ የፈጠነ ነፋስ ይፈልጋል። ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል።

ከዚህ ተነሥተው አቀበት አሸዋን ይገታል የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አንስማማም። ነፋስ ጉብታ ሲወጣ አየሩ በጠበበ ቦታ ለማለፍ ስለሚገደድ እየፈጠነ ሄዶ አናቱ ላይ ይበረታል። የሚጓጓዘው አሸዋ ደግሞ በግምት ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ በ30 በመቶ ሲጨምር አሸዋው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ስበት በአቀበቱ ያተረፈልንን ነፋሱ አናቱ ላይ ከነወለዱ ይወስደዋል። (ረጅምና ለዘብ ያለ ተዳፋት ግን ነፋሱን እምብዛም ስለማያፈጥን እንደ ሜዳ ብንቆጥረው ችግር የለውም።)

ይህን በቦታው ተገኝቶ ማየት ይቻላል። አናቱ ላይ ደቃቁ አፈር ተጠርጎ ጠጠርና የተራቆተ የእፅዋት ሥር ብቻ ይቀራል፤ ከነፋሱ በተከለለው በኩል ግን ነፋሱ ስለሚደክም አሸዋው እየተራገፈ እግር የሚሰምጥበት ልል ክምር ይሆናል። የክምሩ ተዳፋት ወደ 33 ዲግሪ ሲጠጋ አሸዋው በራሱ ክብደት ስለሚንሸራተት፣ ከሥሩ ያለ መንገድ ወይም ቦይ ቀስ በቀስ ይደፈናል።

አጥሩን አናቱ ላይ እንድንተክል ስትጠይቁን ብዙ ጊዜ የማንስማማው በዚህ ምክንያት ነው፤ እዚያ የአጥሩ እግር ራሱ ይሸረሸራል። በሜዳ ላይ ግማሽ ያህሉ ክፍት የሆነ አጥር ከቁመቱ 10 እጥፍ ለሚሆን ርቀት ነፋሱን ያበርዳል፤ ስለዚህ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል፣ ጉብታው ከመጀመሩ በፊት ተክለነው አሸዋውን ገና ሳይፈጥን እዚያው ማስቀረት እንመርጣለን። አናቱን በጠጠር፣ በገለባ ወይም በሣር መሸፈን ይሻላል።

በቀጣይ ትእዛዛችሁ ላይ ነፋሱ በብዛት የሚነፍስበትን አቅጣጫና የጉብታውን ከፍታ፣ ከተቻለም ከጎን የተነሣ ፎቶግራፍ እንድታያይዙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር