የአዋሽ ጣቢያ በር ቀለሙ ምን ነበር?

ውድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጅማ ነው። አዎ፣ ባቡር ካልደረሰባት ጅማ። እኔ ግን ማታ ማታ ባቡር ስነዳ ነው የማመሸው፣ ኮምፒውተር ላይ። ኦፕን ሬይልስ በሚባል ነፃ ፕሮግራም የድሮውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር እየሠራሁ ነው። 784 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ አልልም፣ ዐቅሜን አውቃለሁ። ለጊዜው ከመተሐራ እስከ አዋሽ።

መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። የመሬቱ ከፍታ መረጃ በነፃ ይገኛል፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካ ነው። ጣጣው ልኬቱ በየ30 ሜትሩ መሆኑ ነው። ፈንታሌ ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ለሀዲዱ ተብሎ የተቆረጠ ጉብታ ግን የለም። የአዋሽ ገደልማ ጭራሽ ጎድጓዳ ሳህን መስሎ መጣልኝ፣ ድልድዩን ባስቀምጠው ግማሹ አፈር ውስጥ ተቀበረ። ሦስት ሌሊት ገደሉን በማውስ ስቆፍር አመሸሁ። በሦስተኛው መብራት ጠፋ፣ ሴቭ አላደረግኩም ነበር። (ጥፋቱ የራሴ ነው፣ የመብራቱን ነገር ዛሬ አላነሳም።)

ሀዲዱም አለ። ፕሮግራሙ ይዞት የሚመጣው ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው፣ እንደ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡራችን። የድሮው ግን ልክ 1 ሜትር። ሊቶሪናዋን (የድሮዋን ባለሞተር የመንገደኛ ባቡር) እዚያ ሰፊ ሀዲድ ላይ ሳቆማት የአባቷን ጫማ ያደረገች ልጅ መሰለችኝ፣ ስለዚህ ጠባቡን ከነመታጠፊያው ከዜሮ ሠራሁት።

ታናሽ ወንድሜ «ለምን የጅማን አትሠራም?» ይለኛል። የሌለ ባቡር! ግቤ በረሃ ወርዶ የሚወጣ ሀዲድ በሐሳቤ መዘርጋት አያቅተኝም፣ ግን ያ የኔ ፈጠራ ነው የሚሆነው። ይሄኛው በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባ፣ ስንት ሰው የተሳፈረበት ነው። ስሳሳት የሚያርመኝ ሰው አለ።

እናንተን ያስቸገርኩትም ለዚሁ ነው። ከሰማይ የተነሣ ምስል ሞልቶኛል፣ የቸገረኝ ከባቡሩ መስኮት የሚታየው ነው። በዚያ ባቡር የሠራችሁ፣ የተመላለሳችሁ አባቶችና እናቶች፣ የአዋሽ ጣቢያ በር ቀለሙ ምን ነበር? ድልድዩ ላይ ሲደርስ ባቡሩ ቀስ ይል ነበር? የድሮ ፎቶ ካላችሁ በጋዜጣው በኩል ላኩልኝ፤ እኔ የምፈልገው ከሰዎቹ ኋላ ያለውን ግድግዳ ነው። የሊቶሪናዋን ጥሩንባ በአፉ ማስመሰል የሚችል ካለም ቀድቶ ይላክልኝ፣ አሁን ያለኝ ድምፅ የአይሱዙ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ