የበርበሬ ሳል

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትህ ልብሱን በሳሙና ያጥበዋል ወይስ በውሃ ብቻ ያለቀልቀዋል እያለች ትጨነቃለች። እኔ ግን የምጽፍልህ ሌላ ነገር ነው። በስልክ ልነግርህ ሁለት ሦስቴ ሞክሬ ኔትወርክ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ባለፈው ክረምት ቶንሲልህ አብጦ ጤና ጣቢያ የሄድንበትን ቀን መቼም አትረሳውም። ሲስተሯ ጉሮሮህን አየች፣ መድኃኒት ጻፈች፣ ከዚያ «አባት፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» አለችኝ። ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማኋት። «ከጓደኞችህ ሲጋራ የሚያጨስ አለ? አንተስ ሞክረህ ታውቃለህ?» ደሜ ፈላ። ቶንሲል ላሳይ ብመጣ ልጄን እንደ ዱርዬ ትመረምርልኛለች ብዬ ዘው ልል ስል ራሷ ጠራችኝ። «እቤት ውስጥስ የሚያጨስ ሰው አለ?» «ኧረ የለም!» አልኩ። ወዲያው ሳሌ መጣ። «የበርበሬው ነው፣ በርበሬ ነጋዴ ነኝ» አልኳት። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝ። ከዚያ አቀርቅረህ ጫማህን ማየት ጀመርክ።

ያቺ አስተያየትህ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

አጨሳለሁ፣ ልጄ። አጨስ ነበር ልበል፤ የዘንድሮው ሁዳዴ ከገባ ወዲህ አፌ ላይ አላደረግኩም። ከዚያ በፊት ግን ሦስቴ ትቼ ሦስቴ ተመልሻለሁ። ከመጋዘኑ ጀርባ ሄጄ ነበር የማጨሰው። ቡሬ ላይ ስንትና ስንት ኩንታል በርበሬ አጠገብ የሚውል ሰው ልብሱ ምን ምን እንደሚል ማን ይለያል? እናትህ ሳታውቅ ትቀራለች ብለህ ግን አታስብ።

የጀመርኩት በመላላክ ነው። አጎቴ ያጨሱ ነበር። አንድ ፍሬ ያስገዙኝና «ምድጃው ላይ ለኩሰህ አምጣ» ይሉኛል። ሲጋራ በፍም ሲለኮስ ካልሳቡት አይያያዝም። ስለዚህ ሳብኩ። አሳለኝ፣ አዞረኝ፣ አስጠላኝ፤ ማንም ምን ሆንክ ያለኝ የለም። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ማሳሉ ቀረ። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ የራሴን መግዛት ጀመርኩ፣ ከዚያ እጄን በሎሚ ቅጠል አሽቼ፣ ማስቲካ እያኘክሁ እቤት እገባለሁ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንተንም ልኬሃለሁ። ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆንህ ነው። እየዘነበ ስለነበር ሱቅ መሄድ ሰነፍኩና ብሩን ሰጠሁህ። እንዳትርስብኝ ብለህ ሹራብህ ስር ደብቀህ፣ ደረትህን በሁለት እጅህ ይዘህ እየሮጥክ መጣህ። ጎበዝ አልኩህ። ጎበዝ! በ2011 በወጣው አዋጅ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ሲጋራ መሸጥ ክልክል ነው፣ በፍሬ መሸጥም እንዲሁ። ግን «አባቴ ልኮኝ ነው» የሚልን ልጅ የትኛው ባለሱቅ ይመልሰዋል? ባለሱቁን እንዳልወቅስ ላኪው እኔው ነኝ።

አንተን ደብረ ማርቆስ ካደረስኩህ በኋላ ብቻዬን ሲስተሯ ጋ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ልጅዎን ጠርጥሬው አይደለም፣ በሱ ዕድሜ ያለውን ሁሉ እጠይቃለሁ» አለች። አብዛኛው አጫሽ የሚጀምረው በልጅነቱ ነው አለችኝ። ኒኮቲን ከሳቡት በኋላ በሰከንዶች አንጎል ይደርሳል፣ የሰው አንጎል ደግሞ እስከ 25 ዓመት ገደማ እድገቱን አይጨርስም፣ ለዚህ ነው ልጅን ቶሎ የሚይዘው። በጭሱ ውስጥም ከ7000 በላይ ኬሚካል አለ አለች። ይሄን ሁሉ ችዬ ሰማሁ። ወላጁ የሚያጨስ ልጅ ከሌላው ይልቅ ለመጀመር ቅርብ ነው ስትለኝ ግን ወንበሩ ጠበበኝ።

«እና ምን ላድርግ፣ ልምታው?» አልኳት። ሳቀች። «ይጠይቁት። ሲመልስልዎ ዝም ብለው ያዳምጡት።» ይህቺ ለእኛ ሀገር አባት ከባድ ናት። እኛ ዘንድ ትምባሆ ነውር ነው። አፄ ዮሐንስ የሚያጨሰውን ከንፈሩን ያስቆርጡ ነበር እያሉ አያትህ ያስፈራሩን ነበር። እኔ ታዲያ ፈርቼ ተደበቅኩ እንጂ መቼ ተውኩ?

ደግሞ አለማምዳኛለች፣ ብታይ ትስቃለህ። እስክሪብቶዋን እንደ ሲጋራ ዘርግታ «እንካ ሳብ» አለችኝ። «ውይ ዛሬ እንኳ ይቅርብኝ፣ ጉሮሮዬን ትንሽ...» ስል አቋረጠችኝ። «ሰበብ ካበዙ ነገ ተመልሰው ይመጣሉ። አልፈልግም ይበሉና ወሬ ይቀይሩ።» ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፣ እስክሪብቶ እምቢ ማለት አቅቶኝ ሦስቴ ደገምኩት። አንተም ከአክስትህ ልጅ ጋር ሞክሩት። ሺሻ ቢሉህም ያው ነው፣ ሽታው ጣፋጭ ነው ብለህ እንዳትታለል።

ቅዳሜ ማታ እደውልልሃለሁ። ሞክረህ ታውቃለህ ወይ ብዬ እጠይቅሃለሁ። አዎ ብትለኝ አልጮህም፤ ብጮህ ዝጋብኝና እሁድ ደውልልኝ። አንተም እኔን ጠይቀኝ፣ ዛሬስ አጨስክ ወይ በለኝ። ሌላ ሰው እንዲህ ቢጠይቀኝ እናደዳለሁ።

በሶውና በርበሬው በሚኒባስ መጥቶልሃል፣ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል። በርበሬው ለአክስትህ ነው። ፌስታሉን ስትፈታው ካሳለህ፣ ያ እንኳ እውነትም የበርበሬ ነው።

አባትህ