ይድረስ ለእማዬ

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀውባት ስትናገር ታፏጫለች፤ በስልክ እንድትሰሚያት ትፈልጋለች።

ባለፈው «አነባለሁ፤ መጽሐፉን ስከድነው ግን ምንም አይቀረኝም» ያልሽኝን ሳስበው ሰነበትሁ። ከመጽሐፍ ቅዱስ የምታነቢው በዝቶብሽ ነው። በቀን ሦስት ምዕራፍ ለዓይንሽም አይበጅም። ከስምንት እስከ ዐሥር ቁጥር ይበቃሻል። መጀመሪያ ድምፅ አውጥተሽ፣ ደግመሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዢና ሁለት ሦስት ደቂቃ ዝም በዪ። ዝምታው ሲከብድሽ ወደ ለመድሽው ልመና አትሽሺ። የመጣልሽን በአንድ መስመር፣ በትልልቁ ጻፊው፤ ቀኑንም አስፍሪበት። ጸሎትሽ ከዚያች መስመር ይነሣ። ሁሉም ተደምሮ ከሩብ ሰዓት አያልፍም።

ሰው የሚሳሳተው ጥያቄው ላይ ነው። «እግዚአብሔርን እወደዋለሁ?» ካልሽ «አዎ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። «በዚህ ሳምንት ልነግረው ያልፈለግሁት ምንድን ነው?» ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። ስታነቢ «ይሄስ ለእከሌ ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ጥያቄው ከእጅሽ አምልጧል፤ ወደ ራስሽ መልሺው። «ለምን»ን ደግሞ ማታ ማታ ተጠንቀቂው። «ለምን እንዲህ አደረግሁ?» ቶሎ ራስን ወደ መክሰስ ይዞርና እንቅልፍ ይነሳል። «ዛሬ ልቤ የጠበበው መቼ ነው?» ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን ካመሰገንሽበት ነገር በኋላ።

ጥያቄውን በየቀኑ አትለዋውጪ፤ ሳምንቱን ሙሉ አንዱን ያዢ። ኤልያስ «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሁለቴም ያንኑ መልስ ነው የሰጠው፤ ቢሆንም አልተናቀም። መልስሽ ቢደጋገም አትፈሪ። ደግሞ ልብ በዪ፣ ከመጠየቁ በፊት ተኝቷል፤ መልአኩም ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አብልቶታል። ስለዚህ ምግብና መድኃኒትሽን ሳትወስጂ ራስሽን አትመርምሪ። ጠብታውንስ እየጨመርሽ ነው?

ጥያቄ ማብዛት የእምነት ጉድለት ነው የሚለው እኛ ቤት እንዴት እንደገባ አንቺ ታውቂያለሽ። እመቤታችን ማርያም «ይህ እንዴት ይሆናል?» ስትል መልአኩ አልተቆጣትም፤ መለሰላት። ጌታም በ12 ዓመቱ በመቅደስ የተገኘው መምህራኑን ሲሰማና ሲጠይቅ ነው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የተባልሁትን አላነሣም። አነሣሁት መሰለኝ። ይቅር፣ አልፏል ማለት እፈልጋለሁ።

ለመጀመሪያው ሳምንት ዮሐንስ ምዕራፍ 5ን፣ ከቁጥር 1 እስከ 9 ያዢ። 38 ዓመት የታመመውን ሰው ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» አለው። «አዎ» ለማለት አንድ ቃል በበቃው ነበር። እሱ ግን የመለሰው «ሰው የለኝም» ብሎ ነው። ያልተጠየቀውን መለሰ፤ ቁስሉ ያለው እዚያ ነበርና። ጥያቄ ሲሠራ እንዲህ ነው፤ የጠየቀሽን ትቶ ሌላ ነገር ያናግርሻል።

ይህን ክፍል እንዳልመርጥልሽ ሁለት ቀን አመነታሁ። የዓይን ሞራውን ቀዶ ሕክምና ለሦስተኛ ጊዜ ማራዘምሽን ሰምቻለሁ፤ አልቆጣሽም፣ ምክንያቱንም አልጠይቅሽም። መስመርሽ ላይ «ፈራሁ» የሚል ቢመጣ እንዳለ ጻፊው። «ሰው የለኝም» የሚል ቢመጣም አትሰርዢው፤ ለእኔ ብለሽም አታለስልሺው። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

ቀጠሮውን ከወሩ መጨረሻ በፊት ካስያዝሽ ፈቃድ ወስጄ መምጣት እችላለሁ። ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።

ልጅሽ